ክረምቱን አገር ቤት ለምትገቡ ተመራቂዎች፦ የሰው አያት ታሪክ ሆኖ የራሴን አያት ያስጠየቀኝ መጽሐፍ

የቢቸና ልጅ

ሰላም የመድረኩ ሰዎች፣ እንደምን ከረማችሁ። ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ የአካውንቲንግ ተመራቂ ነኝ። የመውጫ ፈተናው አለፈ፣ ጋወኑም ተለካ። አሁን ግቢ ውስጥ ከፎቶና ከሽኝት በቀር ሥራ የለም። ዶርም ተኝቼ ስልክ ከምነካካ ብዬ አንድ መጽሐፍ አነበብኩ። እናንተም ብታነቡት ደስ ይለኛል።

መጽሐፉ እንግሊዝኛ ነው፤ «ዘ ዋይፍስ ቴል» ይባላል። የጻፈችው አይዳ እደማርያም ናት። አዲስ አበባ ያደገች፣ እንግሊዝ አገር ዘ ጋርዲያን ጋዜጣ ላይ የምትሠራ ጋዜጠኛ። በ2010 ዓ.ም. ታተመ፤ በዓመቱ እዚያው እንግሊዝ የኦንዳቼን ሽልማት አገኘ።

ታሪኩ የአያቷ ነው። ወይዘሮ የተመኙ ይባላሉ፣ የጎንደር ሰው ናቸው። ዐሥር ዓመት ሳይሞላቸው፣ በሃያ ዓመት ግድም ለሚበልጧቸው ባለቅኔ ቄስ ተዳሩ። ከዚያ ወዲያ ያለው ወደ መቶ ዓመት የተጠጋ ዕድሜ ነው። ጣሊያን ገባ። ከተማው በቦምብ ተደበደበ። ተሰደዱ። ባላቸው ታሰሩ፤ እሳቸው ፍትሕ ፍለጋ ደጅ ጠኑ። ንጉሡ ወረዱ፣ አብዮት መጣ። ይህ ሁሉ ሲሆን ልጆች ያሳድጋሉ።

«የታሪክ መጽሐፍ ነዋ» ትሉ ይሆናል። እኔን እንደዚያ አልመሰለኝም። ንጉሡም ጦርነቱም የሚታየው ከቤት ሆኖ ነው። ጾሙ፣ ድግሱ፣ ልቅሶው፣ ወሊዱ፣ የማርያም ጸሎቱ ነው ዋናው። ታሪኩ የሚሄደውም በወሮቻችን ነው፤ ወሩ ዝናቡንና አዝመራውን፣ በዓሉንም ይዞ ይገባል።

እኔን የያዘኝ ግን ሌላ ነው። የእኔም አያት በልጅነቷ ነው የተዳረችው። ይህን ድሮም አውቃለሁ። ጤፍ እያበጠረች ወይ ቡና እየቆላች በወሬ መሀል ጣል ታደርገዋለች። «እኔማ ጡት ሳላወጣ ነው የዳሩኝ» ትላለች፤ ከዚያ ወደ ሌላ ወሬ። እኛም ሰምተን እናልፋለን። እዚህ ላይ ግን አንዲት የልጅ ልጅ «አላልፈውም» ብላ ቁጭ አለች። ለዓመታት በአማርኛ እየጠየቀች፣ የአያቷን ድምፅ እየቀዳች ነው የጻፈችው።

ስለዚህ እኔም ቤት ደወልኩ። «እምዬ፣ የሠርግሽ ቀን ምን ለብሰሽ ነበር?» አልኳት። መጀመሪያ ሳቀች። «ምን ነካሽ አንች ልጅ፣ ልታገቢ ነው?» አለችኝ። ከዚያ ግን ነገረችኝ። ቀሚሱ የታላቅ እህቷ ነበር፤ ስለረዘመባት በመቀነት ሰብስበው አሰሩላት። በቅሎ ላይ አስቀመጧት። መንገድ ላይ እንቅልፍ ወሰዳት። ሙሽራዋ ተኝታ ነው አማቶቿ ቤት የደረሰችው! እናቴ አጠገቧ ሆና ትሰማ ነበር፤ እሷም ያን ቀን ገና መስማቷ ነው።

እንግሊዝኛው አያስፈራችሁ። የእኔ እንግሊዝኛ ለፈተና የተማርኩት ነው፤ በመዝገበ ቃላት እየታገዝኩ ዘልቄዋለሁ። መጀመሪያው ላይ ሰው ስለሚበዛ ግራ ያጋባል፤ ማን የማን ዘመድ እንደሆነ በወረቀት መያዝ ይጠቅማል።

ማንኩሳ ሰፈር

ፒዲኤፍ ያላችሁ?

የቢቸና ልጅ

የለኝም ወንድሜ። ቢኖረኝም አልለጥፈውም፣ ሰው ዓመታት የደከመበት ነው። የእኛው ቅጂ የዶርም ጓደኛዬ አጎት ከውጭ ሲመጣ ይዞላት የመጣው ነው፤ ዶርሙ በሙሉ በተራ አነበበው። በስልክ የሚነበበውም ይሸጣል፤ ውጭ ዘመድ ያለው ማስገዛት ይችላል።

ማንኩሳ ሰፈር

ውጭ ዘመድ የሌለው አያነብም ማለት ነው እንግዲህ።

ፍኖተ ሰላም 1

ልጅቷን ተዋት፤ ጥያቄህ ግን ልክ ነው። ስለ እኛ ተጽፎ እኛ ጋ የማይደርስ መጽሐፍ ብዙ ነው። ተመራቂዎች ለግቢው መታሰቢያ ገንዘብ ታዋጡ የለ? ሰዓት ገዝታችሁ ግድግዳ ላይ ከምትሰቅሉ እንዲህ ያሉ መጻሕፍት ገዝታችሁ ለቤተ መጻሕፍቱ ስጡ።

የቢቸና ልጅ

ሰዓቱ ተገዝቷል 😀 ለቀጣዩ ባች እነግራቸዋለሁ።

አባይ ማዶ

ኧረ ተዉ እንጂ። የጎንደር አያት፣ በእንግሊዝኛ፣ ለንደን የታተመ። ጎጃም ቁጭ ብዬ ይህን የማነበው ለምንድን ነው? እንዲህ ያሉት መጻሕፍት የሚጻፉት ለፈረንጅ ነው። እንጀራ ምን እንደሆነ ሲያስረዱ ገጹ ያልቃል። የእኛ ሰው በአማርኛ የጻፈው መች ተነቦ አለቀና ነው?

የቢቸና ልጅ

ግማሹ እውነትህን ነው። ለውጭ አንባቢ ተብሎ የሚብራራ ነገር አለ። እኔ እሱን ዘልዬ አልፋለሁ፤ አንተም ዝለለው። የጎንደርና የጎጃም ነገር ግን አልገባኝም። አባይን ሲሻገሩ ጾሙ ይቀየራል? ለቅሶው ሌላ ነው? እኔ ያነበብኩት የምራቷን ዓይን ፈርታ ወጥ የምትሠራ ልጅ መስላ የታየችኝን ሴት ነው፤ እንዲህ ያለች ቢቸናም ሞልታለች።

አባይ ማዶ

የአማቷን ዓይን ማለትሽ ነው 😂

የቢቸና ልጅ

የአማቷን 🙈 ፈተና ካለፈ ወዲህ ጭንቅላቴ ሥራ አቁሟል።

ጋሼ ጡረተኛው

ልጄ፣ እንኳን ለዚህ አበቃሽ። ብዙ ዘመን ታሪክ ያስተማርሁ ሰው ነኝና ትንሽ ልጨምር።

አባይ ማዶ «ጎንደርን ለምን አነባለሁ» ላልኸው፣ ምክንያቱ ሁለቱ አገሮች በዚያ ጦርነት ያለፉበት መንገድ አንድ ስላልነበረ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ደብረ ማርቆስ የገቡት መጋቢት 28 ቀን 1933 ዓ.ም. ነው። አዲስ አበባ የገቡት ደግሞ ሚያዝያ 27 ነው፤ የድል በዓል ብለን የምናከብረው እሱን ነው። ጎንደር ላይ ግን ጣሊያን የመጨረሻ ምሽጉን ይዞ እስከ ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. ቆየ። እኛ ዘንድ ሰው ወደ እርሻው ሲመለስ፣ የጎንደር ሰው ከታች ጣሊያን፣ ከላይ የእንግሊዝ አውሮፕላን ነበረበት። የእኛ አገር ሽማግሌ «ጣሊያን ሲወጣ» ሲልህ እና የጎንደር ሽማግሌ «ጣሊያን ሲወጣ» ሲልህ የሚያወሩት ስለ አንድ ወር አይደለም። በክፍል ውስጥ ቀኑ ይጻፋል። እናት ልጆቿን ይዛ የት ገባች የሚለው ግን የሚገኘው እንዲህ ካለው መጽሐፍ ነው።

በአማርኛ ለሚፈልግ የክቡር ሐዲስ ዓለማየሁን «ትዝታ» አስታውሳለሁ። የጎጃም ሰው ናቸው። ከራስ እምሩ ጋር ዘምተው፣ ተማርከው ጣሊያን አገር የታሰሩበትን ዘመን ጽፈውልናል። ያ ግን የጦር ሜዳና የእስር ቤት ትዝታ ነው። ራሶቹና ደጃዝማቾቹ፣ ሚኒስትሮቹም ጽፈዋል። ቤት የቀረችው ሴት ምን አየች የሚለው በአማርኛ የተጻፈልን፣ እኔ እስካየሁት፣ ጥቂት ነው።

ድጓ ያልዘለቀው

«ባለቅኔ ቄስ» ስትሉ ጆሮዬ ቆመ። ቅኔ ቤት ሲጠራ ዋሸራ፣ ጎንጅ፣ ዋድላ ነው የሚባለው፤ ሁለቱ የእኛው ናቸው። (አባይ ማዶ፣ አሁን ደስ አለህ?)

ወንድ አያቴ የቆሎ ተማሪ ነበር። ደበሎ ለብሶ፣ አኮፋዳ አንግቶ፣ ውሻ በዱላ እየመከተ ለምኖ ነው የተማረው። ቤታችን ውስጥ የእሱ ታሪክ ተነግሮ አያልቅም። የትኛው መምህር ዘንድ እንደወረደ፣ የትኛውን ቅኔ ለማን እንደተቀኘ ልጅ አዋቂው ያውቃል። ይህን ክር ሳነብ ግን ስለ ሚስቱ አንድ ነገር ብቻ እንደማውቅ ገባኝ። ጠላዋ ጥሩ ነበር ይባላል። በቃ! መምህር ከሆነ በኋላ ተማሪው ሁሉ ደጁ ላይ ነበር። «በእንተ ስማ ለማርያም» ላለው ሁሉ ቁራሽ ከየት ነበር የምታመጣው? እህሉ ሲያልቅ ለማን ነበር የምትነግረው?

የቢቸና ልጅ

ይኸው! መጽሐፉን ሳነብ የተሰማኝ በትክክል ይህ ነው። ባልየው አዋቂ ነው፣ ሰው ይፈራዋል፣ ያከብረዋል፤ ታሪኩን የምናየው ግን ድግሱን በምታዘጋጀው ሴት በኩል ነው።

ዳንግላ ጤና

ሙሽራዋ በቅሎ ላይ ተኛች ሲባል ብዙዎቻችሁ የሳቃችሁ ይመስለኛል። እኔ አልሳቅሁም። ጤና ጣቢያ ነው የምሠራው። እንቅልፍ የወሰዳት ሕፃን ስለሆነች ነው። ሕፃን ልጅ ማታ ሲመሽ ይተኛል።

ሕጉ ዛሬ 18 ዓመት ይላል፤ የክልላችን የቤተሰብ ሕግም ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ እንዲሁ ነው። ቢሆንም ከትምህርት ቤት ድንገት የምትቀር ልጅ አሁንም አለች። ወሊድ ላይ ምን እንደሚገጥማት የማየው እኔ ነኝ። ስለዚህ ያለ ዕድሜ ጋብቻን የድሮ ጣፋጭ ወግ አድርጎ የሚያወራ መጽሐፍ ከሆነ ይቅርብኝ።

የቢቸና ልጅ

እታለም ልክ ነሽ። መጽሐፉ አያጣፍጠውም። ደግሞ ባልየውን ጭራቅ አድርጎ አይገላገለውም። የሚከፉበትም የሚራሩበትም አለ። ማንበቡ የከበደኝ እዚህ ላይ ነው፤ ሙሉ በሙሉ ብጠላቸው ይቀለኝ ነበር።

አያቴም እንዲሁ ናት። ያለ ዕድሜዋ መዳሯን «በደል ነው» ትላለች፤ የልጅ ልጆቿን «ተማሩ፣ አትቸኩሉ» እያለች ያሳደገችን እሷ ናት። ሟች ባሏን ደግሞ ማንም ክፉ ቃል እንዲናገርበት አትፈቅድም። ሁለቱ እንዴት አብረው እንደሚኖሩ እኔ አላውቅም። እሷ ግን አብረው ይዛቸዋለች።

ዳንግላ ጤና

እንግዲያው አነበዋለሁ። አያትሽን ስትጠይቂ ግን ቀስ በይ። በልብሱ መጀመርሽ ጥሩ አድርገሻል። የመጀመሪያዋን ሌሊት የሚጠይቅ የልጅ ልጅ እንዳትሆኚ። ልትነግርሽ ከፈለገች በራሷ ጊዜ ትደርስበታለች፤ ካልፈለገች የእሷ ነው።

ሸበል በረንታ

አንድ የማይገናኝ ጥያቄ፦ የምርቃት መጽሔቱ ላይ ላስት ወርድ ምን ብለሽ ጻፍሽ?

የቢቸና ልጅ

«ባላንስ ሺት ባላንስ ያደረገልኝ አምላክ ይመስገን» 😂 መጽሐፉን ከማንበቤ በፊት ነው የላክሁት፣ አትፍረዱብኝ።

ደጀን አፋፍ

የእኔ ጥያቄ ሌላ ነው። ይህን ሁሉ ማተም ይገባል ወይ?

አጎቴ የቤተሰባችንን ታሪክ ሊያሳትም ተነሥቶ ነበር። ለብዙ ዘመን በደብተር የሰበሰበውን አስተየበና ቅጂውን ለዘመድ በተነ። ከዚያ በኋላ ስልኩ አላረፈም። አንዷ አክስት «የርስት ክርክሩን አውጣው» አለች፤ ሁለት ወንድማማቾች ፍርድ ቤት ተካሰው ሳይነጋገሩ ነው የሞቱት፣ ልጆቻቸው ዛሬ አንድ ማኅበር ይጠጣሉ። አንዱ ዘመድ «የአባቴን መጠጥ ምን አገባህ» ብሎ ዛተ። ሌላው ደግሞ ስሙ በበቂ አልተነሣም ብሎ ተቀየመ።

ከሁሉ ያወዛገበችው ግን አንዲት ሴት ናት። አያቶቻችን ቤት ስትፈጭ፣ ውኃ ስትቀዳ፣ የሰው ልጅ ስታዝል የኖረች። እኛ እንደ አያት ነው የምናውቃት፤ ሁላችንንም በጀርባዋ አሳድጋናለች። ከየት እንደመጣች ሲጠየቅ ግን ቤቱ ዝም ይላል። አጎቴ ትልልቆቹን አንድ በአንድ ጠይቆ ደረሰበት፤ በልጅነቷ ተሽጣ ነው የመጣችው። ይህንኑ ጻፈው። ሽማግሌ ተሰበሰበ። ቤተሰቡን ታሰድባለህ ተባለ። ገጹ ወጣ።

በመጨረሻ የታተመው የትውልድ ሐረግና የሹመት ስም ብቻ ነው። ሽፋኑ ያምራል። አነበብኩት፣ ማንንም አላገኘሁበትም።

አባይ ማዶ

ሽማግሌዎቹ ልክ ናቸው ባይ ነኝ። ገመና ገመና ነው። የሞተ ሰው ወጥቶ አይከራከርም፤ ልጆቹ ግን ገበያ ይወጣሉ፣ ቤተ ክርስቲያን ይሳለማሉ። አንተ መጽሐፍ ስለጻፍክ እነሱ አንገት ይደፋሉ?

ደጀን አፋፍ

ስለ መጠጡም ስለ ክሱም ላስብበት እችላለሁ። የሴትዮዋን ግን አልቀበልም። የማን ገመና ነው የተሸፈነው? የእሷ አይደለም። እሷ ምንም አላጠፋችም። ታሪኳን ብናወጣው የምናፍረው እኛ ነን እንጂ እሷ አይደለችም። ገጹ ሲወጣ ግን ከቤቱ የጠፋችው እሷ ናት።

ዳንግላ ጤና

👏 ይህን ለሽማግሌዎቹ ነገርካቸው?

ደጀን አፋፍ

ያኔ ተማሪ ነበርኩ፤ ሽማግሌ ፊት ማን ያናግረኛል።

ጋሼ ጡረተኛው

ልጄ፣ ይህ ነገር በየቤቱ አለ። የሚጽፍ ሰው ራሱ መከራከር የሚችለውንና ተከራካሪ የሌለውን መለየት አለበት። በሕይወት ላለ ሰው ማስነበብ፣ ማስፈቀድ፣ ስም መቀየር ይቻላል። ለሞተውና ተከራካሪ ለሌለው ደግሞ የሚቆምለት ያስፈልጋል። አንድ ነገር ልጠይቅህ፤ አጎትህ ገጹ ያልወጣበትን የመጀመሪያውን ጽሑፍ አስቀምጦታል?

ደጀን አፋፍ

ፍላሽ ላይ አለ ይላል ጋሼ።

ጋሼ ጡረተኛው

አንድ ፍላሽ አይበቃም። ዛሬውኑ ገልብጥና ሌላ ቤት አስቀምጥ። ደብተሩንም እንዳይጥሉት። ደብተር ክረምት ላይ ጣሪያ ሲያፈስ ነው የሚሄደው።

ሞጣ ቀራንዮ

እኔ አባቴን መቅዳት ከጀመርኩ ቆይቻለሁ፤ የሚጠቅም ነገር ካለ ልንገራችሁ።

አባቴ ልጅ ሳለ ነው በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር አዋጁ ወጥቶ ጎጃም የተነሣው። ገበሬው «መሬቴ ተለክቶ ርስቴ ሊሄድ ነው» ብሎ አልከፍልም አለ፤ መንግሥት ጦር ብቻ ሳይሆን አውሮፕላንም ላከ። ጠቅላይ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁሥላሴም በኋላ ከጎጃም ተነሡ። ይህን ሁሉ መጽሐፍ ላይ ታገኙታላችሁ። አባቴን ስጠይቀው ግን ስለ ደጃዝማቹ ሁለት ቃል ተናግሮ ወደ ከብቶቹ ሄደ። አውሮፕላኑ ሲያልፍ ከብቶቹ ደንግጠው ተበተኑ፤ እረኛው እሱ ነበር። ሰው ሁሉ ገደል ለገደል ሲሸሽ እሱ «በሬው ከጠፋ አባቴ ይገድለኛል» ብሎ ሜዳ ላይ ቀረ። በሬዎቹን በስማቸው ነው የጠራልኝ። የአውሮፕላኑን ድምፅ በአፉ ሲያሰማ ቅጂው ውስጥ አለ።

አቀዳዱን በተመለከተ፣ ስልኩን የአውሮፕላን ሞድ ላይ አድርጉት፤ አለበለዚያ ወሬው ሲደምቅ ሰው ይደውልና ያቋርጣል። ከወፍጮ ቤትና ከሙቀጫ ራቁ። ፊት ለፊት ተቀምጣችሁ እንደ መርማሪ ፖሊስ አትጠይቁ፤ እጃቸው ሥራ ይዞ ሳለ ነው ወሬው የሚመጣው። ፈትል እየፈተሉ፣ ሽንኩርት እየላጡ። ከተቻለ ደግሞ እኩያቸውን ጎረቤት ጥሩ። አንዱ ሲሳሳት ሌላው «ኧረግ! እሱማ በፊት ነው» ይለዋል፣ ክርክሩ ራሱ ብዙ ያወጣል። እኔ ከአባቴና ከአንድ ጎረቤታችን ክርክር ያገኘሁትን ብቻዬን ጠይቄ በምንም አላገኘውም ነበር።

ዓመተ ምሕረት ግን አትጠይቁ። ይጨነቃሉ፣ ወይም ደስ እንዲላችሁ ያገኙትን ቁጥር ይነግሯችኋል። «ጣሊያን ከመግባቱ በፊት ነው በኋላ?»፣ «የመሠረተ ትምህርት ጊዜ ስንት ልጅ ነበረሽ?» ማለት ይሻላል።

የቢቸና ልጅ

ይህን ሁሉ ጻፍኩት አያ ሞጣ። ጎረቤት መጥራቱን አላሰብኩትም ነበር። አያቴ አንዲት የጡት ጓደኛ አለቻት፤ ሁለቱ ሲገናኙ ጨዋታቸው አያልቅም። መንገዱ ደህና ከሆነ ለምርቃቴ ይመጣሉ ተብሏል፤ ያኔ እጀምራለሁ።

ድጓ ያልዘለቀው

ዓመቱን ለማወቅ አንድ መላ ልስጣችሁ። ዓመቱ የተሰየመበትን ወንጌላዊ ጠይቁ። ትልልቅ ሰዎች ቁጥሩን ቢረሱም «በሉቃስ ነው»፣ «በዮሐንስ ነው» የሚለውን አይረሱም።

ስሌቱ ቀላል ነው። ዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ደምሩና ለ4 አካፍሉ። 1 ከተረፈ ማቴዎስ፣ 2 ከተረፈ ማርቆስ፣ 3 ከተረፈ ሉቃስ፣ ምንም ካልተረፈ ዮሐንስ። 1933 ላይ 5500 ስትደምሩ 7433 ነው፤ ለ4 ሲካፈል 1 ይተርፋል። ስለዚህ «ጣሊያን የወጣው በማቴዎስ ነው» ያለች የጎጃም አሮጊት ቀልድ የላትም። የግብሩ ዓመት 1960 ደግሞ ዮሐንስ ነው። ወንጌላዊው በየአራት ዓመቱ ስለሚመለስ ከአንድ ሌላ ነገር ጋር ካገናኛችሁት ዓመቱ ቁልጭ ብሎ ይወጣል።

ፍኖተ ሰላም 1

ዲያቆን፣ እናቴን አስላልኝ እስኪ። መታወቂያዋ ላይ 1940 ይላል። እሷ «በሉቃስ ነው የተወለድሁት» ትላለች። ታላቅ እህቷ ደግሞ ጣሊያን በወጣ በዓመቱ ነው የተወለደችው ይባላል።

ድጓ ያልዘለቀው

1940 ዮሐንስ ነው፤ አይሆንም። በዚያ አካባቢ ሉቃስ የሚውለው 1935፣ 1939 እና 1943 ነው። እህቷ 1934 ከሆነች 1935 ላይ መከተሏ ይከብዳል። 1939 ይመስለኛል። መታወቂያው አንድ ዓመት አጉድሎባታል።

ሞጣ ቀራንዮ

1943ስ?

ድጓ ያልዘለቀው

እሱም ይሆናል። በመሀል የተወለደ ሌላ ልጅ ካለ ይለያል። ፍኖተ፣ እናትህን ጠይቃት፤ ከእህቷ ጋር ስንት ዓመት ነው የሚበላለጡት? በመሀል የሞተ ሕፃንስ አለ? የሞተውን ካልጠየቅሃት አትቆጥረውም።

ፍኖተ ሰላም 1

ጠየቅኋት። በመሀል አንድ ወንድ ልጅ ነበር አለች፤ በኩፍኝ ሞተ። ስሙንም ነገረችኝ። አጎት እንደነበረኝ አላውቅም ነበር። ታላቅ እህቷን በአምስት ዓመት እንደምታንስም ነገረችኝ።

ድጓ ያልዘለቀው

ነፍሱን ይማር። እንግዲያው 1939 ነው፣ አበቃ።

ፍኖተ ሰላም 1

አንድ ዓመት ጨመረብሽ ስላት ግን ተቆጣች። «ዲያቆኑ ይምጣና ፊቴ ቆሞ ያስላው» ብላለች።

ድጓ ያልዘለቀው

ጠላ ካለ እመጣለሁ።

ፍኖተ ሰላም 1

ለነሐሴ ኪዳነ ምሕረት ይጠመቃል። ወረቀትና እስክሪብቶ ይዘህ ና፤ ጎረቤቶቹም ዕድሜያቸውን ሊያሰሉ ተሰልፈዋል።